ከፍትፍቱ ፊቱ

«ከፍትፍቱ ፊቱ» ብለው አባቶቻችን ተርተዋል። ባለቤቱ ወጡን አጣፍጦ፥ እንጀራውን አሳምሮ ቢያቀርብ፥ ፊቱን ግን አጨፍግጎ ቢቀመጥ፥ እንግዳው ሆዱ ጠግቦ ልቡ ተርቦ ይሄዳል። ቤቱ ባዶ ሆኖ ፊቱ የበራ ሰው ግን በአንድ ኩባያ ውሃ እንኳ እንግዳውን አጥግቦ ይሸኛል። ይህን ለማወቅ ማንም ሰው ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገውም። ሕፃን ልጅ ገና አንድ ቃል ሳያውቅ የእናቱን ፊት ያነብባል፤ ፈገግ ስትል ፈገግ ይላል፥ ስትቈጣ ያለቅሳል።

በዚህ ወር ለማንሣት የፈለግሁት ጕዳይ ግን ከዚህ ተረት አንድ እርምጃ አልፎ ይሄዳል። የሰውን ፊት ማንበብ የተቸገረ ሰው በቤታችን ቢኖርስ? ፍትፍቱም ቀርቦ፥ ፊታችንም በርቶ ሳለ፥ ብርሃኑ የማይደርሰው፥ ወይም ቍጣ መስሎ የሚደርሰው ሰው ቢኖርስ?

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ጥቂት ነው። ቡና ሲፈላና ጎረቤት ሲሰበሰብ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ይገባል። ወንድሙ ቀና ብሎ ቢያየው «ለምን ትገላምጠኛለህ?» ይላል። ሰዎች በመንገድ ሲሥቁ በእርሱ የሣቁ ይመስለዋል። ማንም ሳይናገር ድምፅ ይሰማል፥ ለድምፁም ይመልሳል። እናቲቱ «ልጄ፥ ምን በደልሁህ?» እያለች ታለቅሳለች፤ አባትየው «ንቀት ነው» ብሎ ይቈጣል፤ ጎረቤት ደግሞ ቤተ ሰቡ ሊሰማው የማይወደውን ስም ያወጣለታል። ሁሉም ግን አንድ ነገር አስተውለዋል፤ ይኸውም ልጁ ከሰው ፊት መሸሹን ነው።

ሐኪሞች እንዲህ ያለውን የሕመም ወገን ሳይኮሲስ ብለው ይጠሩታል። ሰው በውጭ ያለውን እውነትና በገዛ አእምሮው ውስጥ የተፈጠረውን ነገር ለይቶ የሚያውቅበት ኀይል ሲታወክ ማለት ነው። በዚህ ወገን ከሚቈጠሩት ሕመሞች ሁሉ ይልቅ የታወቀው ስኪዞፍሬኒያ ነው። ይህን ስም በ1908 የሰጠው ኦይገን ብሎይለር የተባለ የስዊስ ሀገር ሐኪም ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መግለጫ፥ በዓለም ላይ 24 ሚሊዮን የሚያህሉ ሰዎች፥ ይኸውም ከ300 ሰው አንዱ ያህል፥ በዚህ ሕመም እንደሚቸገሩ አስታውቋል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአፍላ ወጣትነት፥ ወላጆች «እንግዲህ ልጃችን ትምህርቱን ጨርሶ ራሱን ሊችል ነው» ብለው ደስ በሚላቸው ዘመን ስለ ሆነ፥ ኀዘኑ የቤት ሙሉ ኀዘን ነው።

በ1952 በፓሪስ ከተማ፥ ሴንት አን በተባለው ሆስፒታል፥ ዣን ዴሌና ፒየር ዴኒከር የተባሉ ሐኪሞች ክሎርፕሮማዚን በተባለው መድኀኒት ሕሙማንን ካከሙ ወዲህ፥ ለዚህ ሕመም የሚረዱ ብዙ መድኀኒቶች ተገኝተዋል። በእነርሱም ለብዙ ሰው ድምፁ ጸጥ ይላል፥ ጥርጣሬውም ይበርዳል። ነገር ግን መድኀኒቱ እምብዛም የማይደርስበት አንድ ክፍል አለ፤ እርሱም ከሰው ጋር መግባባት ነው። ድምፁ ጸጥ ካለለት በኋላ እንኳ የሰውን ፊትና ዓይን መተርጐም፥ በወግ መካከል ተራን ጠብቆ መግባት፥ ቀልዱን ከቁም ነገሩ መለየት የሚከብደው ሕሙም ብዙ ነው። ጓደኛ የሚያሳጣው፥ ሥራ የሚያስጥለው፥ ትዳርን የሚያርቅበት ይልቁንም ይህ ነው። ስለዚህ መርማሪዎች «ሕሙሙ ከሌላ ሰው ጋር ፊት ለፊት ሲቀመጥ በአንጎሉ ውስጥ ምን ይሆናል?» ብለው መጠየቅ ግድ ሆነባቸው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱን ለመፈለግ ግን መቶ ዓመት ያህል መንገድ ማዘጋጀት አስፈልጓል። ሃንስ በርገር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1924 በዬና ከተማ፥ ከራስ ቆዳ ላይ ሆኖ የሰውን አንጎል ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረጸ፤ ይህንም በ1929 አሳተመ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ኤም አር አይ በተባለው ታላቅ የማግኔት መሣሪያ፥ አንጎል በሥራ ላይ ሳለ ደም ወደ የትኛው ክፍል እንደሚበዛ ለማየት ተቻለ። የሚሠራ የአንጎል ክፍል ኦክሲጅን ስለሚሻ፥ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ደም ይጐርፍለታል፤ መሣሪያውም ይህን ለውጥ ይከታተላል።

በነዚህና የዓይንን እንቅስቃሴ በሚከታተሉ መሣሪያዎች፥ ለሕሙማን የፊት ሥዕልና ፎቶግራፍ እያሳዩ ብዙ ነገር ተምረዋል። ከዚህ ውስጥ ለቤተ ሰብ የሚጠቅሙትን ሦስቱን ልጥቀስ። አንደኛው፥ ጤነኛ ሰው ፊት ሲመለከት ዓይኑ ከዓይን ወደ ዓይን፥ ከዚያም ወደ አፍ እየተመላለሰ ያነብባል፤ ብዙ ሕሙማን ግን ዓይናቸው በጥቂት ስፍራ ተወስኖ ይቀራል፥ ከፊትም ዋና ዋናውን ክፍል ሳያዩ ያልፋሉ። ሁለተኛው፥ ወደ ጐን የሚመለከት ሰው ፎቶግራፍ ሲቀርብላቸው «ወደ እኔ ነው የሚያየው» የሚሉበት ጊዜ ከሌላው ሰው ይልቅ ይበዛል። ሦስተኛው፥ በአንጎል ውስጥ ለውዝ የምታህልና ለውዝ የምትመስል አሚግዳላ የተባለች ክፍል አለች፤ አደጋንና ፍርሃትን ነቅታ ከሚጠብቁት ክፍሎች አንዷ ናት። በጤነኛ ሰው የሚፈራ ፊት ሲታይ ትነሣለች፥ ምንም የማይል ፊት ሲታይ ትረጋለች። በሕሙማን ዘንድ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ያነሰ ሆኖ በብዙ ጥናቶች ተገኝቷል፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት ምንም የማይለው ፊት ራሱ ስለሚያስነሣት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ከላይ ከተናገርነው ከ«ለምን ትገላምጠኛለህ?» ጋር አስተያየው። ወንድምየው ዝም ብሎ ነበር የተመለከተው፤ ወይም ደግሞ ጭራሽ የተመለከተው ወደ በሩ ነበር። ለሕሙሙ ወንድሙ ግን ያ ዝም ያለ ፊት ዝም ያለ አልነበረም። ክርክሩ የመጣው ከክፋት ሳይሆን፥ አንዱ ያልጻፈውን ሌላው በማንበቡ ነው።

ሆኖም ይህ ሁሉ ጥናት አንድ ጕድለት ነበረበት። ሕሙሙ ለብቻው ጠባብ ዋሻ በሚመስል መሣሪያ ውስጥ ተጋድሞ፥ ራሱን እንዳያነቃንቅ ታዝዞ፥ ጆሮው ከመሣሪያው ጩኸት የተነሣ ተደፍኖ፥ የማያውቃቸውን ሰዎች ፎቶግራፍ ያይ ነበር። ፎቶግራፍ ግን መልሶ አያይም። ሲያፍሩ አያፍርም፥ ሲሥቁ አይሥቅም፥ ቢዘገዩበት አይሰለችም። ከፎቶግራፍ ጋር የተደረገ ነገር ወግ ሊባል አይችልም።

ይህን ጕድለት ሊዮንሃርት ሺልባኽና ባልደረቦቹ በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ በሰዋስው ቋንቋ ገልጠውታል። በትምህርት ቤት ሦስቱን መደቦች የተማረ ሁሉ የሚያስታውሰው ነው፤ አንደኛ መደብ «እኔ»፥ ሁለተኛ መደብ «አንተ»፥ ሦስተኛ መደብ «እርሱ» ይባላል። የአንጎል ምርመራ እስከ ዛሬ ስለ ሌላው ሰው ሲያጠና ሌላውን በሦስተኛ መደብ አድርጎ ነው፤ ይኸውም ተመልካች ከውጭ ቆሞ «እርሱ ምን ያስባል?» ብሎ እንደሚገምት። ሰው ግን አብዛኛውን ዕድሜውን የሚኖረው በሁለተኛ መደብ ነው፤ እያየ ይታያል፥ እየተናገረ ይሰማል። ስለዚህ የአንጎል ጥናትም «አንተ» የሚለውን ቃል መማር አለበት አሉ።

ለዚህ መንገዱ ቀስ በቀስ ተከፍቶ ነበር። በ2002 ሪድ ሞንታግና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሁለት ሰዎችን በሁለት ልዩ ልዩ የማግኔት መሣሪያዎች አጋድመው፥ እርስ በርሳቸው እየተጫወቱ ሳሉ የሁለቱን አንጎል በአንድ ጊዜ መረመሩ፤ ሥራውንም ሃይፐርስካኒንግ ብለው ሰየሙት። በ2010 ደግሞ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ መርማሪዎች አንዲት ሴት በመሣሪያው ውስጥ ሆና የሕይወቷን ታሪክ ስትናገር ቀረጹ፤ ቃልዋንም ሌሎች ሰዎች በተራቸው በመሣሪያው ውስጥ ሆነው ሰሙ። የሰሚዎቹ የአንጎል ሥራ የተናጋሪዋን የአንጎል ሥራ ተከትሎ ሲሄድ ተገኘ። ሰሚዎች በማያውቁት ቋንቋ በተነገራቸው ጊዜ ግን ይህ መከታተል ጠፋ። በደንብ የተረዱት ሰዎች አንጎል ደግሞ በአንዳንድ ክፍሉ ከተናጋሪዋ ቀድሞ ይገኝ ነበር፤ የሚመጣውን ቃል ይጠብቅ ነበርና። በቅኔ ጉባኤ ተቀምጦ የቤቱን መድፊያ ከተቀኚው ጋር እኩል የደረሰበት ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

ሁለት ሰዎችን በእውነት ፊት ለፊት አስቀምጦ ለመመርመር ግን ሌላ መሣሪያ አስፈለገ። ማታ በእጅ ባትሪ ላይ መዳፉን የደፈነ ልጅ ጣቶቹ ቀልተው ሲያበሩ ያያል። ብርሃን ሥጋን በጥቂቱ ያልፋል፤ ይልቁንም ከቀይ ቀጥሎ ያለውና ዓይን የማያየው ብርሃን ጠልቆ ይገባል። ፍራንስ ዮብሲስ የተባለው ሊቅ በ1977 በዚህ ብርሃን የአንጎልን የኦክሲጅን ሁኔታ ከውጭ ሆኖ መከታተል እንደሚቻል አሳየ። ኦክሲጅን የያዘው ደምና የለቀቀው ደም ብርሃኑን የሚውጡበት መጠን ስለሚለያይ፥ ተመልሶ የሚወጣውን ብርሃን በመለካት የትኛው ክፍል እንደ ሠራ ይታወቃል። መሣሪያው ትንንሽ መብራቶችና መቀበያዎች የተሰኩበት ቆብ ነው። የሚያየው ከራስ ቆዳ ሲለካ ከሦስት ሳንቲ ሜትር ያነሰ ጥልቀት ብቻ ስለ ሆነ፥ እንደ አሚግዳላ ያሉትን በጥልቅ የተቀመጡ ክፍሎች አይደርስባቸውም። ነገር ግን ቆቡን ያጠለቀ ሰው ተቀምጦ ሊያወራ፥ ሊሥቅ፥ ራሱን ሊነቀንቅ ይችላል።

በዬል ዩኒቨርሲቲ ጆይ ሂርሽና ባልደረቦቿ በዚህ ቆብ ተጠቅመው በ2017 ያሳተሙት ጥናት ብዙ ሰው አስተምሯል። ሁለት ሁለት ሰዎችን በጠረጴዛ ግራና ቀኝ አስቀምጠው፥ አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን እንዲተያዩ፥ ሌላ ጊዜ ደግሞ የፊት ፎቶግራፍ ላይ ያለውን ዓይን እንዲያዩ አደረጉ። ማንም ምንም አልተናገረም። ሆኖም በእውነተኛው መተያየት ጊዜ ከቋንቋ ጋር ግንኙነት ያላቸው የአንጎል ክፍሎች ከፎቶግራፉ ጊዜ ይልቅ ተነሡ፤ በሁለቱ ሰዎች አንጎል መካከልም የሥራው ምት ይበልጥ ተስማማ። በ2023 በወጣው ሌላ ጥናታቸው ደግሞ በአካል ቀርቦ የሚታይ ፊትና በዚያው ሰዓት በመስኮተ ሥዕል የሚታይ ፊት አንድ እንዳልሆኑ አሳዩ፤ በአካል በቀረበው ፊት ላይ ዓይን ይበልጥ ይቈያል፥ የዓይን ብሌንም ይሰፋል፥ ከአንጎልም የላይኛው የኋላ ክፍል ይበልጥ ይሠራል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሁለት ሰዎች አንጎል ምት ተስማማ ማለት ሐሳብ ከራስ ወደ ራስ በአየር ተላለፈ ማለት አይደለም። ሁለት ሰዎች አንድ ዐይነት ነገር ቢያዩና ቢሰሙ እንኳ አንጎላቸው በአንድ መንገድ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ መርማሪ የተጣመሩትን ሰዎች ካልተጣመሩት ጋር እያስተያየ፥ የመተያየቱን ፍሬ ከዚህ ለመለየት ይደክማል።

ሁለቱን ሰዎች በአንድ ጊዜ የመመርመሩ ሥራ ወደ ሳይኮሲስ ሕሙማን የደረሰው በቅርቡ ነው፤ ጥናቶቹም ገና ጥቂት ናቸው። ምክንያቱ ብዙ ነው። «ሰዎች ሐሳቤን በመሣሪያ ያነብቡብኛል» ብሎ የሚሠቀቅን ሰው ሽቦ የተሰካበትን ቆብ አጥልቅ ማለት ቀላል አይደለም። መሣሪያው ሐሳብን የማንበብ ኀይል እንደሌለው በትዕግሥት ሊነገረው፥ ፈቃዱም ሊጠየቅ፥ እምቢ ቢል ሊከበርለት ይገባል። የሚወስደው መድኀኒት ራሱ የፊትንና የአካልን እንቅስቃሴ ሊያዘገይ ስለሚችል፥ የሕመሙን ሥራ ከመድኀኒቱ ሥራ መለየት ያስቸግራል። እኛን የሚመለከት ሌላም ችግር አለ፤ ጥቍርና ጥቅጥቅ ያለ ጠጕር፥ ሹሩባም የተሠራ ራስ፥ ጠቆር ያለም ቆዳ ብርሃኑን ስለሚውጡት፥ የእኛን መልክ ከመሰሉ ሰዎች የሚገኘው ምልክት ይደክማል። ከዚህም የተነሣ በእንዲህ ያሉት ጥናቶች የጥቍር ሕዝብ ቍጥር አነስተኛ ሆኖ ቈይቷል፤ መሣሪያውን የሚሠሩ ሰዎች ይህን ማረም ግዴታቸው ነው።

የሚፈለገው መልስ ግን ለድካሙ የሚገባ ነው። ሕሙሙ ዓይን ለዓይን ሲተያይ የሚቸገረው ፊቱን ለማየት ነው ወይስ ያየውን ለመተርጐም? በፊቱ የተቀመጠው ጤነኛ ሰው አንጎልስ ከሕሙሙ ጋር ሲያወራ ይለወጣል? ሕመሙ ገና ሳይጠና በወጣቱ ላይ ይህ ችግር አስቀድሞ ይታያል? ልምምድስ ሊያቃናው ይችላል?

ከነዚህ ጥያቄዎች ስለ ሁለተኛው፥ በአንጎል ባይሆን በአካል እንቅስቃሴ፥ ከለንደን የመጣ መልስ አለ። ሜሪ ላቨልና ባልደረቦቿ በ2013 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ሦስት ሦስት ሆነው ተቀምጠው ስለ አንድ ጕዳይ እንዲመክሩ ተደረገ፤ በአንዳንዱ ጉባኤ ከሦስቱ አንዱ የስኪዞፍሬኒያ ሕሙም ነበር፥ ሁለቱ ግን ይህን አልተነገራቸውም። የሁሉም እጅና ራስ እንቅስቃሴ በካሜራ ተለካ። ሕሙማኑ ሲናገሩ እጃቸውን የሚያንቀሳቅሱበት ጊዜ ያነሰ ነበር፤ ፊታቸውና ፈቃዳቸው ይበልጥ በደከመባቸውም ሲሰሙ ራሳቸውን የሚነቀንቁበት እንዲሁ። የሚያስገርመው ግን የሁለቱ ጤነኞች እንቅስቃሴም ከተለመደው መለየቱ ነው። ሳያውቁት አካላቸው አወቀ። ከሕሙማኑም ፊታቸውና ፈቃዳቸው ይበልጥ ከደከመባቸው ጋር የተቀመጡት መግባባታቸው እንደ ቀዘቀዘ ተናገሩ።

እዚህ ላይ የነገሩ ዋና ፍሬ ይገኛል። በሕሙሙ ውስጥ ብቻ ነው ያልነው ችግር በሁለቱ መካከል ሆኖ ተገኘ። አንዱ ራሱን አልነቀነቀም፤ ሌላው «አልሰማኝም» ብሎ ቀዘቀዘ፤ የፊተኛው ይህን ቅዝቃዜ አይቶ «ጠልቶኛል» አለ፤ እንዲህ እያለ በሁለት ሰዎች መካከል ግድግዳ ይሠራል፥ ከሁለቱም ግን ጡቡን ያቀበለ መሆኑን የሚያውቅ የለም።

ይህን ግድግዳ ከሚያቆሙት ስሕተቶች ዋነኛው «ፊቱ ካልተንቀሳቀሰ ልቡም አልተንቀሳቀሰም» ማለት ነው። በ1993 አን ክሪንግና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ለስኪዞፍሬኒያ ሕሙማንና ለጤነኞች የሚያስደስት፥ የሚያሳዝንና የሚያስፈራ ፊልም አሳዩ። የሕሙማኑ ፊት ከጤነኞቹ ይልቅ ዝም ያለ ነበር፤ «ምን ተሰማችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ ግን ደስታቸውም ኀዘናቸውም ከሌሎቹ ያነሰ አልነበረም። ምን ያህል እናት «ልጄ በአባቱ ሞት እንኳ እንባ አልወጣውም» ብላ ተቀይማ ይሆን? ፊቱ የተዘጋ ቤት ሁሉ ባዶ ቤት አይደለም።

የቤት ሰው ፊትና ቃል በሕመሙ አካሄድ ላይ ኀይል እንዳለው በእንግሊዝ ሀገር ቀደም ብሎ ታውቋል። ጆርጅ ብራውንና ባልደረቦቹ በ1972 ባሳተሙት ጥናት ከሆስፒታል ወጥተው ወደ ቤታቸው የተመለሱ 101 ሕሙማንን ለዘጠኝ ወር ተከታተሉ። ነቀፋ፥ ቍጣ ወይም ከልክ ያለፈ ጭንቀት ወደ በዛበት ቤት ከተመለሱት 58 ከመቶ ሕመማቸው ሲያገረሽ፥ ይህ ከሌለበት ቤት ከገቡት ግን 16 ከመቶ ብቻ አገረሸባቸው። በዚህም ጥናት፥ በ1976 በወጣውም ተከታዩ፥ ነቀፋ በበዛበት ቤት በሳምንት ከ35 ሰዓት በላይ ፊት ለፊት መቀመጥ ጉዳቱን ሲጨምር ታይቷል። ይህ ሲባል ሕመሙን ያመጣው ቤተ ሰቡ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲህ የሚል ሰው በቍስል ላይ ጨው ይነሰንሳል። ቤተ ሰብ የሚነቅፈው ብዙውን ጊዜ ደክሞት፥ ጨንቆት፥ የሚያግዘውም አጥቶ ነው። ፍሬው ይህ ነው፤ የቤት ሰው የሕመሙ አምጪ ባይሆንም የፈውሱ ረዳት ሊሆን ይችላል።

ይህም በሀገራችን ተፈትኖ ታይቷል። በቡታጅራ አካባቢ ከ1998 ጀምሮ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ከ68 ሺሕ በላይ ሰዎችን ጠይቀው፥ ከእነርሱ መካከል ከ300 በላይ የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማንን አገኙ፤ አብዛኞቹም የዘመናዊ ሕክምና ደጅ ረግጠው የማያውቁ ነበሩ። በሶዶ ወረዳ የተደረገውና በ2022 የታተመው ጥናት ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት የሠለጠኑ የአካባቢው ልጆች ወደ ሕሙማን ቤት እየሄዱ፥ ከሕሙሙና ከቤተ ሰቡ ጋር እየተቀመጡ፥ ወደ ሥራና ወደ ማኅበር እንዲመለስ አንድ ዓመት ያህል ረዱ። መድኀኒት ብቻ ካገኙት ይልቅ መድኀኒትና ይህን የቤት ጉብኝት አብረው ያገኙት ኑሮአቸውን ለመምራት የተሻለ አቅም አገኙ። እዚያ የገባ የብርሃን ቆብ አልነበረም፤ ወደ ቤት ገብቶ «እንደ ምን አደርህ?» የሚል ሰው ነበር እንጂ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለቤታችን የሚሆን ጥቂት ምክር ላውጣ።

ሕሙሙን አፍጥጣችሁ አትዩት፤ ፊታችሁንም አትንሡት። ፊት ለፊት መቀመጥ ከከበደው በጐኑ ተቀመጡ፤ ሽንብራ እየለቀሙ፥ ወይም አብሮ መንገድ እየሄዱ የሚደረግ ወግ ይቀልለዋል። በአጭር ቃል ተናገሩት፥ መልሱንም ጠብቁ፤ የዘገየ መልስ እምቢታ አይደለም። ፊታችሁ የሚለውን አፋችሁም ይበለው፤ «ዝም ያልሁት ደክሞኝ ነው፥ በአንተ አልተቈጣሁም» ማለት ለጤነኛ ሰው ትርፍ ነገር ሊመስል ይችላል፥ ለእርሱ ግን ያልተነበበውን ፊት ይተረጕምለታል። በፊቱ አታንሾካሹኩ፤ እርሱ ሲገባ ሣቅ አታቋርጡ። የሚሰማውን ድምፅ «የለም» ብላችሁ አትሟገቱት፥ «አዎን፥ እኔም ሰማሁ» ብላችሁም አታታልሉት፤ «እኔ አልሰማሁም፥ አንተን ግን እንዳስጨነቀህ አያለሁ» ብትሉት እውነትም ፍቅርም ተናግራችኋል።

መድኀኒቱን ያለ ሐኪም ምክር አታስቋርጡት። ጸበል የሚጠመቅ ቢሆን፥ ጸሎቱና ክኒኑ አይጣሉም፤ ሁለቱን ማጣላት ሕሙሙን ብቻ ይጐዳል። እንቅልፍ ቢያጣ፥ ምግብ ቢተው፥ ስለ ሞት ቢናገር፥ ድምፁም «እንዲህ አድርግ» እያለ ቢያዝዘው፥ ነገ ሳትሉ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ለሚያስታምመውም ሰው ዕረፍት ስጡ፤ የደከመ ፊት ሊበራ አይችልምና፥ አክስትም ጎረቤትም ተራ ይግቡ።

የመጨረሻው ምክር የሰዋስው ምክር ነው። ወደ እንዲህ ያለ ቤት ለጥየቃ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገውን አስተውሉ። ሕሙሙ በመደቡ ላይ ተቀምጦ ሳለ ጠያቂው ወደ እናቱ ዞሮ «በላ ወይ? መድኀኒቱን ዋጠ ወይ? እንቅልፍስ ይተኛል?» ይላል። እናትም «ይበላል፥ ይተኛል» ትላለች። ሕሙሙ ይሰማል። በገዛ ቤቱ፥ በገዛ እናቱ ፊት፥ ሦስተኛ መደብ ሆኗል። የአንጎል መርማሪዎች ሰውን በዋሻ ውስጥ ለብቻው አጋድመው «እርሱ ምን ያስባል?» ይሉ እንደ ነበር፥ እኛም በቤታችን እንዲሁ አደረግነው። እነርሱ ግን ስሕተታቸውን አውቀው፥ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አስቀምጠው፥ እንደ ገና ጀምረዋል።

ለእኛ መጀመር ከእነርሱ ይልቅ ይቀልለናል፤ ወንበሩ በቤታችን አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ወደዚያ ቤት ስትገቡ፥ ወደ እናቱ ከመዞራችሁ በፊት ወደ እርሱ ዞራችሁ፥ በስሙ ጠርታችሁ፥ «አንተስ፥ እንደ ምን ሰነበትህ?» በሉት። መልስ ባይሰጥም ተቀመጡ። ፍትፍቱ ይቈይ፤ ፊቱ ይቅደም።